በታጠብን ቁጥር

ከሻሸመኔ በታች እስከ ሞያሌ ኬላ ድረስ ስለ ጀርም ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ካለ እጁን ያውጣ፤ ታጥቦ ከሆነ እጨብጠዋለሁ። ይህን የምለው በባዶ ሜዳ አይደለም። ነገሌ ቦረና ውስጥ በምሠራበት ቤት፣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ በተላላፊ በሽታዎች መከላከልና ቁጥጥር መሠልጠኔን የሚመሰክር ወረቀት በመስታወት ክፈፍ ተሰቅሏል። ማህተሙ የድስት ክዳን ያህላል። ሚስማሩን የመታሁት ራሴ ነኝ፤ ሰው ገና በሩን ሲረግጥ ዓይኑ እንዲያርፍበት ለክቼ ነው የሰቀልኩት።

ዓይን ካልኩ አይቀር፣ ወረቀቱ በተሰቀለ በወሩ በዚያ ግቢ ውስጥ ነጭ ዓይን የነበራት የጎረቤት ፍየል ብቻ ነበረች። እሷንም ቢሆን በደንብ አልመረመርናትም።

ቤቱ ከጦር ካምፑ ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ፣ ቆርቆሮው የዛገ፣ ግቢው መሃል አንድ ግራር የቆመበት የኪራይ ቤት ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው አምስት ወንዶች ይኖሩበታል። ልጆች አይደሉም። ይህን የምለው የባጃጅ ሾፌሩም፣ ባለሱቁም፣ መንገደኛውም "ልጆቹ እንዴት ናቸው?" እያለ ስለሚጠይቀኝ ነው። አንደኛው "ልጅ" ጢሙ ከእኔ ጢም ቀድሞ ሸብቷል። ወላጆቻቸው ሲያረጁ ማን ይይዛቸዋል የሚለው ነገር እንቅልፍ የነሳቸው ሰዎች ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ፣ ቤት ተከራዩ፣ ኃላፊ ፈለጉ። እኔ ደግሞ አባቴ በወታደርነት የመጣ፣ መንግሥት ሲለወጥ ሁሉም ወደየአገሩ ሲበተን የምንሄድበት ጠፍቶን እዚሁ የቀረን ሰዎች ልጅ ነኝ። መቅረት ሙያችን ነው። ለዚህ ሥራ የሚፈለገውም የማይሄድ ሰው ስለነበረ ቀጠሩኝ።

ወጥ የሚሠሩልን የአንድ ሟች አሥር አለቃ ባለቤት ናቸው። ወሎዬ ናቸው፤ ምላሳቸው ከቢላቸው ይቀድማል። እኔ "እትዬ" እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ "አለቃ" ይሉኛል። አጠራራቸውን ብትሰሙ ማዕረግ ሳይሆን ስድብ መሆኑ ወዲያው ይገባችሁ ነበር።

ከአምስቱ ነዋሪዎች የዚህ ታሪክ ባለቤት አንዱ ነው። ዕድሜው ከአርባ አልፏል፤ ትከሻው ሰፊ፣ አንገቱ አጭር፣ እርምጃው እንደ ዳኛ የረጋ። የመጣው ከሜጋ ነው። እዚያ ታላቅ ወንድሙ አስፋልቱ ዳር ሱቅ አለው። ሰውየው ክፉ አይደለም። ነገር ግን ከባድ መኪና ሌት ተቀን በሚያልፍበት መንገድ ዳር፣ መኪና በመጣ ቁጥር ሊጨብጠው የሚሮጥ ወንድም ይዞ ምን ያድርግ? ከሱቁ ኋላ ያለው መጋዘን ውስጥ ያስቀምጠውና ከውጭ ይቆልፍበት ነበር። ዘጠኝ ዓመት። ስኳርና ፓስታ መሃል።

እኛ ጋ ሲመጣ የሚናገራቸው ቃላት በአንድ እጅ ጣት ይቆጠሩ ነበር። "ናጋ" ይላል፣ ሰላምታ ነው። "እጅ" ይላል፣ እጅህን አምጣ ነው። ከሁሉ የሚወደው ግን "ገና" የሚለውን ነበር። ምሳ ደርሷል ወይ ቢሉት፣ ጠግበሃል ወይ ቢሉት፣ እንሂድ ወይ ቢሉት መልሱ ያው ነው፤ ገና። የኢትዮጵያን ነገር በአንድ ቃል ጨርሶታል እያልኩ እቀልድበት ነበር።

ወደ ሥልጠናው ልግባ። ሐዋሳ ነበር፤ ሁለት ቀን። በመጀመሪያው ቀን እጅ መታጠብ ተማርን። መዳፍ ለመዳፍ፣ ጀርባውን፣ በጣቶች መሃል፣ አውራ ጣትን ለብቻው፣ ጥፍርን መዳፍ ላይ ፈተግ ፈተግ። እንዲህ ስታደርጉ ጀርም እንደ ተሸነፈ ጦር እግሬ አውጪኝ ይላል። እኔ ይህን ሳይ ዕንባ ቀረሽ ስሜት ነው የተሰማኝ። አርባ ምናምን ዓመት ሙሉ እጄን ያጠብኩ መስሎኝ አሞኘሁት እንጂ አላጠብኩትም። ስለ ሁለተኛው ቀን ኋላ እነግራችኋለሁ።

እንደተመለስኩ ለቤቱ የሚሆን ዕቃ ፍለጋ ሞያሌ ወረድኩ። ሳሙና በካርቶን፣ ሰፊ ሳፋ፣ አንገተ ረጅም ማንቆርቆሪያ፣ እና አንድ ፎጣ። ፎጣው መሃሉ ላይ ነብር አለበት። ተራ ነብር እንዳይመስላችሁ፤ አፉን ከፍቶ የሚያየን፣ ለአንድ ቀበሌ የሚበቃ ነብር። ስመለስ የተሳፈርኩት ሚኒባስ መስኮቱ አይዘጋም፤ አቧራው ተሳፋሪ ሆኖ ቦታ ይዟል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ዓይኑን በሽርጡ ጫፍ እየጠረገ እስከ ሜጋ ድረስ ትከሻዬ ላይ ተኛ። እኔም ጨዋ ሰው ነኝና አልቀሰቀስኩትም።

ሜጋ ላይ ወርጄ ወንድምየውን ሰላም አልኩት።

"አካም? ናጋ? ወንድሜስ? ደህና ነው?" አለኝ፤ እጄን ይዞ አልለቅ አለ።

"ናጋ ነው፤ ሹመት ልሰጠው ነው" አልኩት።

"ምን ሹመት?"

"የውሃ ሚኒስትር።"

ሳቀ። ከኋላው ያ መጋዘን በሩ ገርበብ ብሎ ይታያል። ከማንጠልጠያው ላይ ትልቅ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ሰውየው ያየሁትን አይቶ ሳቁን አቆመ።

ነገሌ ስገባ ሹመቱን አጸደቅኩ። ግራሩ ሥር አምስቱንም ሰበሰብኩ፤ እትዬም ማማሰያቸውን እንደያዙ ቆሙ። ማንቆርቆሪያውን በቀኝ እጁ፣ ሳፋውን በግራው አስያዝኩት። ሠርግ ቤት አስታጣቢ እንደሚያደርገው ነብሩን በገዛ እጄ ግራ ትከሻው ላይ ጣል አደረግኩለት።

"ከዛሬ ጀምሮ" አልኩ ድምፄን ወፈር አድርጌ፣ "በዚህ በር ሳይታጠብ የሚገባ ሰው የለም። አንተ ደግሞ ይህ ፎጣ ከትከሻህ እንዳይወርድ!"

ይህ ሰው የተባለውን ቃል በቃል የሚወስድ መሆኑን ረሳሁ። ፎጣው ከትከሻው አልወረደም። ሲበላም፣ ሲተኛም፣ ሽንት ቤት ሲሄድም ነብሩ አብሮት ነው። እትዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ለምነው ተቀብለው ያጥቡለታል፤ እስኪደርቅ ግን አይታገስም። እየተንጠባጠበ ትከሻው ላይ ይመልሰዋል።

ሥራውንስ? ማን ይሙት፣ እንደሱ ያለ ሠራተኛ በዞኑ ውስጥ አልነበረም። በሩ ላይ ይቆማል። የመጣውን ሰው "ናጋ" ይላል፣ ቀጥሎ "እጅ" ይላል፣ ያፈስሳል። ሳሙናው አረፋ እስኪሆን ዓይኑን ከእጅህ አይነቅልም። ችኩል ከሆንክ "ገና" ይልሃል። አልጨረስክም ማለቱ ነው። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ለጉብኝት በመጡ ቀን ሦስት ጊዜ "ገና" ተብለው ሦስት ጊዜ ታጠቡ። ሲጨርሱ ወደ ትከሻው ጎንበስ ብለው ነብሩ ላይ እጃቸውን አደረቁና፣

"ተማሪ ቤት ከወጣሁ እንዲህ ተቀጥቼ አላውቅም" አሉ። "ግን ደስ ይላል። ይህ ሰው አንድ ቀን ሥራ ይይዛል ብሎ ማን አሰበ?"

እትዬ ግን አልወደዱትም። "ጨው ልገዛ ወጥቼ ስመለስ፣ ቃሪያ ልቀጥፍ ጓሮ ዞሬ ስመለስ እንደ ሕፃን አጠበኝ እኮ! እጄ ሊሟሟ ነው አለቃ። ወጡን በክርኔ ላማስል?"

"ሳይንስ ነው እትዬ" አልኳቸው።

"ሳይንስህ ሽንኩርት አይከትፍ" አሉኝ።

ከዚያ ዓይን መቅላት ጀመረ።

የታመሙትን በምጽፍበት መዝገብ ላይ ተራ ቁጥር አንድ ሆኖ የተጻፈው አስታጣቢያችን ነው። ጠዋት ሽፋሽፍቱ ተጣብቆ ነጋበት፤ ነጩ ቀላ፤ ቆቡ አበጠ። እንደዚያም ሆኖ ማንቆርቆሪያውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። በሁለተኛው ቀን ጢሙ የሸበተው ሰውዬ ቀላ። በአራተኛው ቀን ሌላው። እኔ በዚያ ሰሞን ከሞያሌ መንገድ የቀረብኝ አቧራ ዓይኔን እየቆረቆረኝ ጥቁር መነጽር አደርግ ነበር። እትዬ ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ "አለቃ፣ ከመቼ ወዲህ ነው አብራሪ የሆንከው? አውሮፕላኑን የት አቆምከው?" አሉኝ።

"አቧራ ነው" አልኳቸው።

ታዲያ አንድ የሠለጠነ ኃላፊ በሽታ ሲገባበት ምን ያደርጋል? መታጠቡን ያጠናክራል። በቀን ሦስት ጊዜ የነበረውን ስድስት ጊዜ አደረግኩት። ፊትንም ጨመርኩበት። ጠዋት ጠዋት እንደ ወታደር በሰልፍ ይቆማሉ፤ እኔም ለአርአያነት መጀመሪያ ላይ እቆማለሁ። አስታጣቢው ያፈስሳል፤ ፊታችንን እንታጠባለን፤ ትከሻው ላይ ጎንበስ ብለን እናደርቃለን፤ እናልፋለን። መነጽሬን ሳላወልቅ ልታጠብ ብሞክር "ገና!" ብሎ እርጥብ ጣቱን ወደ ፊቴ ይቀስራል። አወልቃለሁ። ታጥቤ፣ አድርቄ፣ መልሼ አደርጋለሁ።

ፊት በተጨመረ በሳምንቱ የቀሩት ሁለቱም ቀሉ። እትዬም በአንድ ዓይናቸው ቀሉ። በሌላኛው እኔን ገላመጡኝ።

አሁን ግራ የተጋባሁትን መጋባት በምን ቃል ልንገራችሁ? ሰው ሳይታጠብ ቢታመም ይገባኛል። ይህ ቤት ግን ከቦረና ቆላ እስከ ሊበን ሜዳ ድረስ እንደሱ የታጠበ ቤት የለም። ቆዳችን ከመታጠብ ብዛት ነጥቶ እንደ ሳሙና የሚንሸራተት ሆኗል፤ ዓይናችን ደግሞ እንደ በርበሬ። በታጠብን ቁጥር ቀላን፤ በቀላን ቁጥር ታጠብን።

ውሃው ይሆናል ብዬ የአህያ ጋሪ ውሃ የሚያመጣልንን ሰውዬ ቀየርኩት። ቀጥሎ ውሃውን አፈላነው፤ እስኪቀዘቅዝ ሰልፉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሰው ተቆጣ። ሳሙናውን ጠረጠርኩ። የግራሩን ከሰል ጭስ ጠረጠርኩ። ከጎረቤት አጥር እየዘለለች የምትገባዋን ፍየል አሳደድኩ። ዝንብ ነው ብዬ ግማሽ ቀን በጋዜጣ ጥቅል ዝንብ ስገድል ዋልኩ፤ ቢያንስ አንድ ሻለቃ ዝንብ ደምስሻለሁ። እትዬ ደግሞ "የሰው ዓይን ነው የበላቸው። መጥቶ ያላደነቃቸው ሰው የለማ!" አሉ። በመጨረሻ ሳሎን ገብቼ የምስክር ወረቀቱን ቆሜ አነበብኩት፤ መልሱ እዚያ እንዳለ ሁሉ። ያገኘሁት ስሜንና ማህተም ብቻ ነው።

አንድ ቀን ቆራጥ ሆንኩ። "የታመመ ሰው አያስታጥብም" ብዬ ማንቆርቆሪያውን ወሰድኩበት። አልተቆጣም። በሩ ላይ እንደወትሮው ቆመና ነብሩን ትከሻው ላይ አስተካክሎ፣ ባዶ እጁን አዘንብሎ ለሚያልፈው ሁሉ ያልነበረ ውሃ ማፍሰስ ጀመረ። "ናጋ። እጅ።" ሰውም ደንግጦ እጁን ይዘረጋለታል። እስከ ምሳ ቻልኩት። ከምሳ በኋላ ማንቆርቆሪያውን መለስኩለት።

ወሬው ገበያ ደረሰ። የባጃጅ ሾፌሮች በራችን ላይ ሲያልፉ ፊታቸውን ማዞር ጀመሩ፤ ቀይ ዓይን በማየት ብቻ ይተላለፋል የሚባል ነገር አለ። አጥር የምንጋራቸው ባለሱቋ ጎረቤታችን የማኅበሩ አባልም ናቸው። እሳቸው ለሊቀመንበሩ አመለከቱና ግራሩ ሥር ስብሰባ ተጠራ።

"ወላሂ እኔ እወዳቸዋለሁ" አሉ ባለሱቋ። "አኒስ፣ እኔም ወንድሞቼ ናቸው እላለሁ። ግን ሰው ሱቄ መግባት ፈራ። 'እዚያ ቤት አጠገብ ነሽ' ይሉኛል። ምን ልበላቸው?"

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሩ። "ኃላፊ፣ ከማን ነው የጀመረው?"

እኔ መነጽሬን አስተካከልኩ። መዝገቡን ገለጥኩ። ጣቴን ተራ ቁጥር አንድ ላይ አሳረፍኩ።

ሁሉም ወደ በሩ አዩ። ሰውየው እዚያ ቆሞ ማንቆርቆሪያውን በነብሩ ጫፍ ይወለውላል።

"ሁሉንም ሰው የሚነካው ደግሞ እሱ ነው" አሉ ሊቀመንበሩ በሀዘን። "በቃ፣ ለጊዜው ወደ ወንድሙ ይሂድ። ሌሎቹ እስኪድኑ። ለጊዜው ነው።"

ነገሌ ውስጥ "ለጊዜው" የተባለ ነገር ሲያልቅ አይቼ አላውቅም። እኛም እዚህ የቀረነው ለጊዜው ነበር። አፌ ግን አልተከፈተም፤ ቀልድ የማይጠፋበት አፍ። ሊቀመንበሩ እዚያው ቆመው ሜጋ ደወሉ። ወንድምየው ሐሙስ መጥቼ እወስደዋለሁ አለ።

ማን እንደነገረው አላውቅም፤ እኔ አልነገርኩትም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ልብሱን በፌስታል አድርጎ፣ ላዩ ላይ ሳሙና አስቀምጦ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከእሱ አፍ ሰምቼው የማላውቀውን ቃል አወጣ።

"ቁልፍ?"

"የለም፣ ቁልፍ የለም" አልኩት። የማውቀው ነገር አልነበረም። ዓይኑን እያሸ አየኝ፤ እኔም በመነጽሬ ውስጥ እሱን አየሁት። የቤቱ ሰው ሁሉ እሱን ተጠራጥሮ ነበር፤ እሱ ግን ማንንም አልተጠራጠረም።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ሁለት ሰዎች መጡ። መጀመሪያ የመጣችው ከጤና ጣቢያው ሲስተር ናት። እትዬ ናቸው እኔን ሳያስፈቅዱ ሄደው የጠሯት። "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች፤ ይኸው ሳይንስህን የሚያውቅ ሰው አመጣሁልህ" አሉኝ።

አስታጣቢው ለመጨረሻ ጊዜ መሆኑን ያወቀ ይመስል ቀጥ ብሎ ቆሟል። "ናጋ። እጅ።" ሲስተርም እጇን ዘረጋች፤ በደንብ አሸች። "ገና" አላት። ፈገግ ብላ ደገመች። ሲጨርስ እንደ ደንቡ ትከሻውን ወደ እሷ አዘነበለ።

ሲስተር እጇን ወደ ነብሩ ልካ አየር ላይ አቆመችው። ወደ አስታጣቢውና ወደ ሰልፉ አየች፤ አምስት ጥንድ ቀይ ዓይን። ወደ እትዬ አየች። መልሳ ፎጣውን አየችው።

"ይህ ፎጣ የማን ነው?" አለች።

"የሁላችን ነው" አልኩ በኩራት።

"የሁላችሁ?"

"የእንግዳም ጭምር።"

"ፊትም በዚሁ ነው የምታደርቁት?"

"በቀን ስድስት ጊዜ!" አልኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሽልማት እየጠበቅኩ ነበር።

ሲስተር እጇን በአየር ላይ አራገፈች። "ጋሼ" አለችኝ ቀስ ብላ፣ ሰው ፊት ላለማሳፈር፤ "እንዲህ ያለ የዓይን ሕመም የሚተላለፈው በዚሁ ነው። ከአንዱ ዓይን ወደ ፎጣው፣ ከፎጣው ወደ ሌላው ዓይን። ለሁሉም በየራሱ ፎጣ፣ ካልሆነ ደግሞ እጅን ማራገፍ ነው እንጂ... ሐዋሳ ሥልጠናው ላይ በደንብ ተነግሮን ነበር እኮ። ሁለተኛው ቀን፣ ከጠዋት እስከ ማታ ስለ ጋራ ዕቃ ነበር። እርስዎም ነበሩ አይደል? በመጀመሪያው ቀን አይቼዎታለሁ።" ትንሽ አሰበች። "በሁለተኛው ቀን ግን..."

በሁለተኛው ቀን ሐይቁ ዳር ዓሣ እየበላሁ ነበር። ጠዋት ስሜ ላይ ፈረምኩ፣ ወጣሁ፣ ጥብሱን በላሁ፣ ሾርባውን ጠጣሁ፣ ጥላ ሥር ተኛሁ፣ ማታ ተመልሼ ወረቀቴን ተቀበልኩ። ዓሣው ይህን ያህል ነበር ብዬ እጄን ብዘረጋ አታምኑኝም። ያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ማህተም ግማሹ የእጅ መታጠብ፣ ግማሹ የዓሣ ነው።

እትዬ ነገሩ ገባቸውና ማማሰያውን ጥለው በሁለት እጃቸው አፋቸውን ያዙ፤ የሳቅ ይሁን የለቅሶ አልለየሁትም። "አይ አለቃ! በሽታውን ትከሻ ላይ ሰቅለህ አዞርከው በለኛ!"

በዚህ መሃል ነው ወንድምየው በሩ ላይ የደረሰው። አስታጣቢው "ናጋ" አለው፤ "እጅ" አለው። ወንድም ወንድሙን አስታጠበ። ወንድምየው ፎጣው ላይ ሊያደርቅ ሲል ሲስተር "ተው፣ ተው!" ብላ አስቆመችው። እርጥብ እጁን እንደያዘ ግራ ተጋብቶ ቆመ። ሲስተር ነገሩን ሁሉ አስረዳችው። አንድን ሰው መጀመሪያ ይይዘዋል፣ ፎጣው ያዳርሰዋል፤ ቅባት አለ፣ በሳምንት ይድናል፤ ለዚህ ተብሎ ከቤቱ የሚወጣ ሰው አያስፈልግም።

ወንድምየው ግን የሱቅ ሰው ነው፤ ሒሳቡ እስኪዘጋ አይሄድም። "መጀመሪያ የያዘው ማነው?" አለ። "የእኔ ወንድም ከሆነ ያመጣባቸው እወስደዋለሁ። የሰው ዓይን በኛ ቤት ዕዳ አይሆንም። ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ ነው፤ ለእሱም ደግ አይደለም፤ ሰው በክፉ ያየዋል።" የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ።

ቁልፉ ተንሿሿ። አስታጣቢው ድምፁን ሰማ፤ ፌስታሉንም አነሳ። ከዚያ አንድ ነገር የቀረው ይመስል ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ወደ እኔ መጣ። ጠዋት ጠዋት የሰልፉ መጀመሪያ እኔ አይደለሁ? የዚያን ቀን በግርግሩ ሳልታጠብ ቀርቼ ነበር።

"ገና" አለኝ።

እጄን ዘረጋሁ። እሱ ግን እጄን አላየም። እርጥብ እጁን ወደ ፊቴ ሰድዶ፣ ልክ እንደየጠዋቱ፣ መነጽሬን በሁለት ጣቱ ይዞ አወለቀው። ለእሱ የየቀን ሥራ ነው፤ ሊያጋልጠኝ አልፈለገም። ፊት መታጠብ አለበት፣ መነጽር ይወልቃል፣ በቃ።

ሲስተር ጠጋ ብላ አየችኝ። ግራው ዓይኔ እንደ ቲማቲም ነው፤ ዳር ዳሩ ላይ የሦስት ሳምንት ነገር ደርቆበታል።

"ይሄ የቆየ ነው" አለች። "መቼ ነው የጀመረዎት?"

ሁሉም ያዩኛል። አስታጣቢውም ማንቆርቆሪያውን አዘንብሎ ይጠብቀኛል። እኔስ ምን ብል ጥሩ ነው?

"አቧራ ነው" አልኩ።

ማንም አልሳቀም። እትዬ እንኳ። ወንድምየው ለረጅም ጊዜ አየኝ። ሜጋ ላይ መጋዘኑን ሳይበት ያየኝ አስተያየት ነው። ከዚያ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፤ ፌስታሉን ከወንድሙ እጅ ወሰደና ወደ ቤት ገብቶ አልጋው ላይ አስቀመጠለት። ተመልሶ ወጣ። ወንድሙን በእርጥብ እጁ አቅፎ ጀርባውን መታ መታ አድርጎ ብቻውን ሄደ።

ቅባቱ በሳምንት አዳነን። እትዬ ለሁሉም በየቀለሙ ፎጣ ቀደው ሰፉ፤ በየአልጋው ራስጌ ሚስማር ተመታ። ነብሩን ትከሻው ላይ አልነካንበትም፤ ሰው ግን እንዲያደርቅበት አይፈቀድም። አስታጣቢያችን ይህንንም ቃል በቃል ያዘው። አሁን ካስታጠበ በኋላ ራሱ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ያነሳና ያራግፋል፤ ታጣቢውም እንደሱ ማድረግ አለበት። ሊቀመንበሩ በመጡ ቁጥር በሩ ላይ እንደ ወፍ ሲራገፉ ይታያሉ። ቸኩለው እጃቸውን ካወረዱ "ገና" ይባላሉ። ባለሱቋም ይራገፋሉ፤ ወንድምየውም በወሩ ሲመጣ ተራግፏል።

የምስክር ወረቀቱ እስካሁን ተሰቅሏል። መዝገቡም ከሥሩ፣ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አላረምኩትም። ስለዚህ እዚህ ላርመው። አቧራ አልነበረም። በዚያ ቤት መጀመሪያ የቀላው ዓይን የእኔ ነው። የእሱ ዓይን ከመቅላቱ አራት ቀን ቀድሞ ነበር። ነብሩ ላይ ፊቴን ሳደርቅም አውቀው ነበር። ይህን እያወቅኩ ተራ ቁጥር አንድ ብዬ የእሱን ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ማንበብ እንደማይችል አውቅ ነበር።